ሁለት ሲጋር ከሩብ

ሆሳዕና ላለው ሆቴሌ ከጥቁር ቢራ ጋር የሚሄድ ሲጋር ልመርጥ ሦስት ዓይነት አስመጣሁ። የመጀመሪያው የቢራውን ጣዕም ዋጠው። ሁለተኛው ግን የተቆላ ቡና የመሰለ ጣዕም አወጣለት። ሦስተኛውን ሩቡን እንዳጨስኩ የሽማግሌዎቹ መኪና ውጭ ጥሩምባ ነፋ። ሁሉን ቆጣሪው እኔ ቀን ተሳስቻለሁ! ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ አንጋጫ የምንሄደው ለካ ዛሬ ነው።

የምንሄድበት ቤት የፕሮቴስታንት ቤት ነው፤ መጠጥም ሲጃራም ደጁን አያልፍም። እስክንደርስ አሥራ አንድ ከረሜላ ጨረስኩ።

ገና ከመቀመጣችን የልጅቷ አባት አቶ ሄራሞ አየሩን አሸተቱና፣ «እርስዎ፣ አንዴ ወደ ጓሮ እንውጣ» አሉኝ። ልጁን በገዛ አፌ ሚስት አሳጣሁት እያልኩ እንሰቱ መሃል ተከተልኳቸው።

«ምንድን ነው የሸተተኝ?»

«ሁለት ሲጋር ከሩብ፣ ሁለት ጥቁር ቢራ፣ አሥራ አንድ ከረሜላ።»



«ከረሜላውን እንኳ ያልደበቀ ሰው ስለ ልጁም አይዋሸኝም። ሠርጉ ለጥር ይሁን» አሉ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገልመጥ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታን ካገኘሁ ሃያ ዓመቴ ነው። ለመሆኑ ለጥቁሩ ቢራ የትኛው ሲጋር ሄደለት?»