ስድስት መቶ ሠላሳ ምስማር

አዲሱ መመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣው በሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ሁለት ገጽ ብቻ! የሃያ ሁለት ዓመት ልፋት ውሃ ለማስበላት ቢያንስ አራት አምስት ገጽ አያስፈልግም ትላላችሁ? አላስፈለገም።

ሰውዬው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ባልደረቦቹ ሰሌዳ ይሉታል፣ ታናናሾቹ ደግሞ ጋሼ ሰሌዳ። ስሙ የወጣለት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ በቆመ ትልቅ ጣውላ ምክንያት ነው። በጣውላው ላይ ስድስት መቶ ሠላሳ ምስማር ተመትቷል፤ አሥራ ስምንት ክፍል፣ በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በየምስማሩ አንድ የካርቶን ቁራጭ ይንጠለጠላል፣ እያንዳንዱም መምህር የራሱ ቀለም አለው። ፊዚክሱ ቀይ ነው፣ ባዮሎጂዋ አረንጓዴ። ቀለም ሲያልቅ ሰረዝ ተጨመረ፣ ሰረዝ ሲያልቅ ነጠብጣብ። ለራሱ ሲደርስ ምንም ስላልተረፈው ያልተቀባ ጥሬ ካርቶን ወሰደ።

የትምህርት ፕሮግራም ማውጣት ቀላል የሚመስለው፣ አንድም ቀን አውጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የሒሳቡ መምህር እግሩን ስለሚያመው ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም። የኬሚስትሪዋ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ማውጣት ስላለባት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አይሰጣትም። የታሪኩና የሥነ ዜጋው መምህራን ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ተከታትለው አንድ ክፍል እንዲገቡ ከተደረገ በር ላይ ይገጣጠማሉ፣ የዚያን ቀን ደግሞ የሚያስተምር የለም። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። ያለው ሰሌዳ ጭንቅላት ውስጥ ነው። አንዱ በታመመ፣ አንዷ በወለደች ቁጥር ጣውላው ፈርሶ እንደገና ይሠራል፤ ስለዚህ ሥራው ዓመቱን ሙሉ ማለቂያ የለውም።

ለዚህም ሲባል የድሮው ዳይሬክተር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "አንተ ሃያ ክፍለ ጊዜ ማስተማርህ ይቅር፤ አሥራ አራት ይበቃሃል፣ ስድስቱ ለጣውላህ ይሁን" ብለውት ነበር። በቃል። ሰሌዳም እሺ አለ። እሱም በቃል።

አዲሱ መመሪያ ታዲያ እንዲህ ይላል፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት በሳምንት ከሃያ ክፍለ ጊዜ በታች ያስተማረ መምህር ትርፍ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ተነሥቶ ክፍት ቦታ ወዳለበት ይመደባል። ትርፍ! የትርፎቹ ዝርዝር ሲለጠፍ ከሠላሳ አንዱ መምህራን የአንድ ሰው ስም ብቻ ወጣበት። ክፍት ቦታ ተገኘ የተባለውም ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ትምህርት ቤት ነው።

ሁለት አውቶቡስ ምን አላት የሚል አይጠፋም። የሰሌዳ ቤት ግን ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ብቅ የሚለውም ሆዱን ብሎ አይደለም። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ እንደ ድሮው ነው፤ ዓይኗ ግን ከከዳት ሦስት ዓመት ሆነው። ስፌቱን በዳበሳም ቢሆን ትወጣዋለች፣ የመርፌዋን ቀዳዳ ግን ጨርሶ አታየውም። ክሩ የተበጠሰ እንደሆነ እጇን አጣጥፋ እሱን ትጠብቃለች። ይመጣል፣ ለስፌት መኪናው ክር ያስገባል፣ የእጅ መርፌዎቹን በየቀለሙ ክር እየሰካ ይደረድርላታል፣ ቆሞ ይጎርስና ይመለሳል። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ደንበኞቼ ከሰሙ ጨርቃቸውን ይዘው ይሄዳሉ ብላ ትፈራለች።

"ታዲያ ይግባኝ በላ!" አለችው የምደባውን ደብዳቤ ሲያነብላት። "አፍህን ይዘህ ልትሄድላቸው ነው?"

ሄደ። የአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ተጣልቶት ይወጣለታል።

"አባቴ፣ ስድስቱ ክፍለ ጊዜ ለፕሮግራም ሥራ እንደተያዘልዎት የሚያሳይ ወረቀት አለ?"

"የድሮው ዳይሬክተር ናቸው የነገሩኝ።"

"እሳቸው አሉ?"

"አርፈዋል።"

"ባልደረቦቼ ይመስክሩልኝ እንዳይሉኝ፣ እኛ ሰነድ እንጂ ምስክር አንሰማም። አሁን የሚጻፍ ደብዳቤም አይያዝም።" ሰብሳቢው ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። "የቆዩትን ፕሮግራሞች ለምን አያመጡም? ካዘጋጇቸው መቼም ስምዎ ይኖርባቸዋል። የሦስቱ ዓመት ብቻ ይበቃል።"

ሰሌዳ ቀና ብሎ አየው። እንዲያው ለይሉኝታ ወደ ትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ወረደ እንጂ የሚያገኘውን ያውቀዋል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አቧራውን እፍ ብላ ሦስቱን ፕሮግራሞች ዘረጋችለት። ሁሉም በጸሐፊዋ የተተየቡ ናቸው። ከግርጌያቸው "ያጸደቀው" በሚለው ላይ የዳይሬክተር ፊርማና ማኅተም አለ። ከዚያ በላይ "ያዘጋጀው" ይላል፣ ቀጥሎም ነጠብጣብ፣ ከነጠብጣቡ በላይ ምንም።

ባዶውን የተወው ራሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስሙን ጽፎ ነበር። የፊዚክሱ መምህር ዓርብ የመጨረሻዋን ሰዓት ለምን ሰጠኸኝ ብሎ እሑድ ጠዋት ቤቱ ድረስ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በሁለተኛው ዓመት ቅሬታ ያለው ዳይሬክተሩ ጋ ይሂድ ብሎ ስሙን አስቀረ። እውነትም ሰልፉ በሙሉ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ዞረ። ሰሌዳ በብልጠቱ ሳምንት ሙሉ ለብቻው ሲስቅ ከረመ።

"ላሽግልህ?" አለችው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ።

"ተዪው፣ ወደ ቦታው መልሺው።"

ትምህርት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ዕቃውን ሊሰበስብ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባ። ብዙም ዕቃ የለውም፤ አንድ መዶሻ፣ አንድ የቀለም ሣጥን፣ አንድ አሮጌ ሹራብ። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፣ እሷም ብትሆን ፊቷ ላይ እንቅልፍ የለም።

"ጋሼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት።"

ነገሩ ገባው። መመሪያውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የሚያወጣ ኮምፒውተር ልኮ ነበር። ምክትሏ ሳምንት ሙሉ ሲታገለው ሰንብቶ ኮምፒውተሩ አራት ክፍል ተማሪ ባንድ ሰዓት በአንድ ኳስ ሜዳ ላይ አወጣ፤ የሒሳቡንም መምህር በቀን አምስት ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ሰቀለው።

"ከዚህ አስወጥታችሁኝ..." ብሎ ጀመረና ደከመው። መቆጣት ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። "እሺ" አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያስቸገረውም ከዚች ቃል ሌላ አለመልመዱ ነው።

ሚስቱ ስትሰማ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። "ኮምፒውተራቸው ያውጣላቸዋ!"

"ልጆቹ መጥተው አስተማሪ ሳያገኙ ሲንጫጩ ይዋሉ?"

"ይንጫጩ!" አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን የጫማ ካርቶን ጎትታ መቁረጥ ጀመረች።

አራት ቀን ፈጀበት። መጀመሪያ የራሱን አሥራ አራት ጥሬ ካርቶኖች አንድ በአንድ ከምስማራቸው ነቅሎ ደረት ኪሱ ከተተ። ክፍተቱን ለቀሩት ሁለት የጂኦግራፊ መምህራን ሰባት ሰባት አድርጎ አካፈለ። አንደኛዋ እዚሁ ትምህርት ቤት ያስተማራት ልጅ ናት፤ በእሷ ላይ ሃያ ሰባት ሲሆን ቆም ብሎ እንደገና ቆጠረ። ዓርብ የመጨረሻዋን ሰዓት፣ ያንን ረባሽ ክፍል፣ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ የሚይዘው ጥሬው ካርቶን ነበር። ቢያገላብጥ፣ ቢያወርድ፣ ቢሰቅል መላ አልተገኘለትም፤ የፊዚክሱን ቀይ ሰቀለበት።

ጸሐፊዋ ተይባ ስትጨርስ እንደ ልማዷ "ያዘጋጀው" የሚለውን ባዶ ተወችው። ሰሌዳ እስክሪብቶ ተቀበላትና ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈ።

ዳይሬክተሯ ልትፈርም ስትል አየችው። "ጋሼ፣ አሁን ምን ይረባዎታል? የዘንድሮው እኮ አይቆጠርም።"

"አውቃለሁ። ቅሬታ ያለው ማን ጋ እንደሚመጣ ይወቅ ብዬ ነው።"

ፕሮግራሙ የተለጠፈው ዓርብ ጠዋት፣ በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ሁሉም መነጽሩን እያደረገ ተጋፋ። ሰሌዳ ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ በሩ አጠገብ ቆመ። ለእያንዳንዱ የሚለውን አዘጋጅቷል፤ ለፊዚክሱማ ሁለት ሦስት ዓይነት መልስ ይዟል።

"ማነው ደግሞ ዓርብ የመጨረሻዋን በእኔ ላይ..." ብሎ ፊዚክሱ ጮኸ። ጣቱ በወረቀቱ ላይ ቁልቁል ሄደ፣ ግርጌው ላይ ደርሶ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። "ምንም አይደል" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ በሩ ሳያይ።

ተማሪው የነበረችው ልጅ ከላይ ጀምራ ሣጥን በሣጥን ስታነብ ቆየች። የራሷን ሃያ ሰባት አልፋዋለች። የምትፈልገው ሌላ ነው።

"ጋሼ፣ እርስዎን አጣሁዎት።"

"ከታች ነኝ፣ ልጄ።"

ጎንበስ ብላ አነበበች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ቅሬታ ያለፈ ፕሮግራም ያ ብቻ ነው። ሰሌዳ ጣውላው ያለባትን ክፍል ከፍቶ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ ቢጮህበት፣ እንዴት እንዲህ ታደርገኛለህ ቢለው ምን ነበረበት! ማንም አልመጣም። ሰዓቱን አየና ክፍሏን ቆልፎ፣ መርፌ ሊሰካ ወደ ቤቱ ሄደ።