ያልተነበበችው ዓረፍተ ነገር

ጓደኛዬ የመጻሕፍት መምህር ልጅ ነው። አባቱ ከጣና ደሴቶች በአንዱ ጉባኤ ዘርግተው፣ ግእዙን አንብበው፣ «ምን ማለት ነው ቢሉ» እያሉ ባላገሩ በሚገባው አማርኛ ሲተረጉሙ ሰምቶ አድጓል። ባሕር ዳር ኮሌጅ አብረን ስናስተምር የዜናው ቋንቋ ሲጠጥርብኝ የምጠይቀው እሱን ነበር።

አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚጠብሱ እናት ዘንድ ተቀምጠን ሬዲዮው ስለ ባለድርሻ አካላት፣ ስለ ማዕቀፍና ስለ ተቀመጠ አቅጣጫ ያወራል። እሳቸው ዓሣውን ከዘይቱ እያወጡ፣

«ልጆቼ፣ ይኼ ሰውዬ አሁን ምን አለ? ሊሰጡን ነው ሊወስዱብን?» አሉን።

ጓደኛዬ በሁለት ቃል አስረዳቸው። ሳቁና፣ «ታዲያ እንዲህ ብሎ ቢናገር አፉን ያመዋል?» አሉ።

በዚያው ሳምንት ጀመርን። እኔ አዋጁንና መግለጫውን አንብቤ በቀላል አማርኛ እጽፋለሁ፤ እሱ በዚያ በሚያምር ድምፁ ቀድቶ በቴሌግራም ይለቀዋል። የየራሳችንን አስተያየት ላንጨምር ተስማማን። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁልጊዜ፣ ሰሚው ምን ማድረግ እንደሚችል፣ የት ሄዶ ማንን እንደሚጠይቅ እንነግራለን። ቅጂው ከስልክ ስልክ ሄደ። የጢስ ዓባይ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠው ሰማሁ። ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ የመጣ ዘመድም አሥጋሪዎቹ መረብ እየጠገኑ እንደሚሰሙት ነገረኝ። የጻፍሁት እኔ መሆኔን ከእኒያ ዓሣ ጠባሽ እናት በቀር ማንም አያውቅም፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

ከዚያ የሐይቁ ዳርቻ ደንብ መጣ። ዳር ላይ የሚነግዱት ይነሣሉ የሚል ረቂቅ ነው። ደጋግሜ አነበብሁትና እንዲህ ብዬ ጨረስሁ፦ «ይህ ገና አልጸደቀም። ቅዳሜ ውይይት አለ። የሚነግድም የሚያሠግርም ሰው ገብቶ አይሆንም ማለት ይችላል።» ለጓደኛዬ ላክሁለትና እናቴ ታማብኝ ማክሰኝት ሄድሁ። እዚያ ኔትወርክ ተቋርጦ ስለነበር ቅጂውን አልሰማሁትም።

ስመለስ ውይይቱ አልፏል። ሐይቁ ዳር ብወርድ እኒያ እናት የዳሱን ቆርቆሮ እያስነቀሉ ነው።

«ምነው እትዬ?»

«ተወሰነ አይደል እንዴ? እናንተው ነገራችሁን።»

«ቅዳሜ ስብሰባው አልሄዱም?»

«የምን ስብሰባ?»

ስልካቸውን አውጥተው አሰሙኝ። የእሱ ድምፅ ነው፤ ለስላሳ፣ የሚያጽናና። «ውሳኔው ተላልፏል ማለት ነው። ተነሺዎች ተረጋግታችሁ ምትክ ቦታ ጠብቁ» ይላል። ስለ ስብሰባው አንዲት ቃል የለችም። ስልኩን ተቀብዬ ደግሜ ከፈትሁት።

ከሰዓት በኋላ ኮሌጁ በር ላይ አገኘሁት።

«ያቺን ዓረፍተ ነገር ለምን ቆረጥሃት?» አልሁት። የቷን አላለኝም።

«መጽደቁ አይቀርም ነበር» አለኝ። «ሰዉን ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል? ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠርተው አነጋገሩኝ። ሕዝብ የሚያምነው ድምፅ ይፈልጋሉ። ከመጪው ወር ጀምሮ እነሱ ዘንድ ነኝ።»

«ምን ልትሠራ?»

«ያው ነው እኮ። ማቅለል።»

«አንተ ያቀለልኸው ቋንቋውን አይደለም፤ ሰዉን ነው» አልሁት። «አንቺ ደግሞ ታከርሪያለሽ» ብሎኝ ሄደ።

አዳራሹ ያን ቅዳሜ ባዶውን ውሏል። ደንቡ «ተወያይተውበት ተስማሙ» ተብሎ ጸደቀ። እውነቱን ለእኒያ እናት ልነግራቸው ሄድሁ። ገዢ ከማያልፍበት የውስጥ መንገድ ላይ ምድጃቸውን ተክለዋል። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ እኔ መንግሥትን አምኜ አይደለም የተነሣሁ። እናንተን ነው ያመንሁ።»

«እኔ እኮ ጽፌው ነበር እትዬ።»

«ይሆናል። እኔ የሰማሁት ግን ድምፁን ነው።»

ቁጣ ቢቀላቅሉበት ይሻለኝ ነበር። የኖረ ወዳጅነቴን፣ የደከምሁበትን ሁሉ የወሰደብኝ ሰው እኔንም ከእሱ ጋር አንድ አድርጎ እፊታቸው አቁሞኛል።

በራሴ ድምፅ ቀድቼ አንድ ሁለቴ ሞከርሁ። «እናንተ ደግሞ ለማን ነው የምትናገሩት?» የሚል መልስ መጣልኝ። የሚያምነኝ ብዙ ባላገኝም እስካሁን አልተውሁትም፤ ጥቂት ሰዎች ይሰሙኛል።

ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ተሳፍሬ ስሄድ ሬዲዮው ላይ የእሱ ድምፅ መጣ። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ «ይሄ ሰውዬ ብቻ ነው የሚገባኝ» አለኝ።

«ወራጅ አለ» ብዬ ሳልደርስ ወረድሁ።