ያላየናቸው መጨረሻዎች

እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ የጣሊያን ፊልም ሲወዱ ለጉድ ነበር። በደርግ ጊዜ ሲኒማ ይወስዱኝና፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ልደታ እንድንገባ ፊልሙ ሳያልቅ ያስነሱኛል። ሜክሲኮን ስናልፍ፣ «በል እንግዲህ፣ አንተ ጨርሰው» ይሉኛል። እየፈጠርኩ እነግራቸዋለሁ። በማግስቱ ያንኑ ለሰፈር ልጆች ሳወራ ጓደኛ አፈራሁ፤ ደራሲም የሆንኩት በዚያው ነው። አንዴ በአንዱ ፊልም ላይ የጠፋውን ባል ወደ ሚስቱ ብመልሰው ግን ተቆጡ። «ተው፣ ይሄማ ውሸት ነው!» የእሳቸውም ባል በወታደር ተወስደው በዚያው ቀርተው ነበር።

እትዬ አርፈው አርባቸው ከወጣ በኋላ ያንን ፊልም አግኝቼ ብቻዬን እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰውየው ተመልሶ የቤቱን በር አንኳኳ። «እትዬ፣ መጣ እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ውሸት ነው የሚለኝ ጠፋ።