የተፈታው ቃሬዛ

ሰቆጣ ገበያ ላይ አልጋ ሠሪው የተነከረ ጠፍር ከውኃ ሲያወጣ ያ የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይመጣና፣ ከሰቆጣ ወዲያ ዝቋላ ወዳለው የአባቴ ቤት ይዞኝ ይሄዳል፤ መንገድ ብቀይርም አይለቀኝም።

እህቴ ዝናሽ በጥር ስትዳር አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና ከሠርጉ ሥጋ ሌላ የታየኝ ነገር አልነበረም። በዓመቱ ሚያዝያ ላይ ፊቷ ከስቶ፣ ሆዷ ብቻ ገፍቶ፣ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። በዚያ በጋ ቅርቡ ምንጭ ደርቆ ስለነበር ግማሽ ቀን እየሄድን ውኃ እንቀዳ ነበር፤ ዳገቱ ላይ እያረፈች «ፈርቻለሁ እኮ» ትለኝ ነበር።

ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን አዋላጇ እማ ብርቄ «ቤቱ ውስጥ የታሰረ ነገር እያለ እሷም አትገላገልም፤ ያገኛችሁትን ሁሉ ፍቱ» አሉ። እናቴ መቀነቷን ፈታች፤ እኔም ጆንያውን፣ የፍየሎቹን ገመድ፣ የገዛ ሹሩባዬን ሳይቀር እየፈታሁ ዞርኩ፤ ከአንገታችን ማተብ በቀር የታሰረ የቀረ አልመሰለኝም። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመንደሩን ቃሬዛ አየሁ። በሽተኛ የሚሸከሙበት፣ በጠፍር የተጠለፈ ቃሬዛ ነበር፤ ጠባቂው አባቴ ነበር። በጥርሴ ጭምር እየጎተትኩ ጠፍሩን እስከ መጨረሻው ተረተርኩት። እህቴን የጠቀምኳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ወንዶቹን ሰብስቦ ወደ ጤና ጣቢያ ሊያወርዷት ሲሉ፣ ያገኙት ሁለት እንጨትና የደረቀ ጠፍር ሆነ።

«ይህን ማን ፈታው?» አለ አባቴ። ከእናቴ ኋላ ተሸሸግሁ።

በፍየል ገመድ ሞከሩት፣ ከበራፍ ሳይርቁ ተበጠሰ። ደረቅ ጠፍር ደግሞ ሳይርስ አይታሰርም፤ በእንስራው ውስጥ ግን ውኃ አልነበረም። ውኃ ተቀድቶ፣ ጠፍሩ ርሶ፣ እንደገና እስኪጠለፍ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ጤና ጣቢያ ደርሳ ስትገላገል ሕፃኑ ሞቶ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ፣ ምጡ ጎድቷት ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት፣ ባሏም ሳይወስዳት ቀርቶ፣ ጓሮ በተሠራላት ጎጆ ትኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለም ነበር። ምግቧን አስቀምጬ እሮጥ ነበር። ሰዉ ሽታውን የሸሸሁ ይመስለው ነበር፤ የሸሸሁት ግን ዓይኗን ነው።

ከዓመታት በኋላ ታክማ ዳነች፤ ልጅ ግን አልወለደችም። ያከማት ሐኪም ዳሌዋ ለመውለድ ገና ያልጠና እንደነበር ነግሯታል። ይህን ብሰማም ከራሴ ጋር አልታረቅሁም።

ባለፈው በጋ ለመውለድ ሰቆጣ የእናቶች ማቆያ ስገባ ዝናሽ አብራኝ መጣች። ምጡ ሲጀምረኝ ሹሩባዬን ትፈታልኝ ጀመር። ከዚያ በላይ ልደብቃት አልቻልኩም።

«ዝንዬ፣ ቃሬዛውን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

እጇን አላቆመችም። «ተኝቼ እያየሁሽ አልነበር እንዴ? በልቤ ‹ምነው ቶሎ በፈታችው› እያልኩ ነበር።»

ልጄ በሰላም ተወለደች። ዛሬ ወደ መንደራችን ነዳጅ ካለው አምቡላንስ ይመጣል፤ ከሌለው ያው ቃሬዛው ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምትጠብቀው ዝናሽ ናት። ምጥ በተሰማበት ቤት ዛሬም የታሰረው ሁሉ ይፈታል፤ እሷ ግን ቃሬዛውን እንደታሰረ ተሸክማ ትሄድና በራፍ ላይ አቁማ፣ ሴትየዋ እስክትገላገል አጠገቡ ትቀመጣለች።