ቅሬው አረም የቀበረበት ዓመት

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ከስደት ስንመለስ ሱቄ ውስጥ የቀረው የአረም መድኃኒት ብቻ ነበር። ገመዱ፣ ሚስማሩ፣ ሸራው፣ አካፋው፣ የመደርደሪያው ጣውላ ሳይቀር ሄዷል። መድኃኒቱን ግን ማንም አልነካውም። ጀሪካኑ ላይ የተሳለውን የራስ ቅል አይተው ይሆናል፤ ወይ አንዱ ከፍቶ አሽትቶት ይሆናል። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ባዶውን ቤት አየችና፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ መርዝህን ትተውልሃል» አለችኝ። ሳቅሁ። ያን ጊዜ መሳቅም ያደክም ነበር።

ሱቁ መርሳ ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ከወልድያ ዕቃ እያመጣሁ ለሀብሩ ገበሬ እሸጣለሁ። እኔ የተማርኩት መናኸሪያ ነው፤ ጫኝና አውራጅ አስተማሪዎቼ፣ ደላላ ፈታኜ ነበሩ። ባለቤቴ ደግሞ ከሱቁ ጎን ሻይ ቤት አላት። ከእኔ ይልቅ እሷ ቀድማ ሥራ ጀመረች፤ የተዘረፈ ሰውም ሻይ ይጠጣል።

የበልግ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ የመንገዱን ዳርና ዳር ያየ ሰው የተዘራ ይመስለው ነበር። ቅንጨ የሚባለው አረም ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ ይደርሳል፣ አናቱ ላይ ደቃቅ ነጭ አበባ ይነሰነሳል። በእጁ የነካው ሰው ሲያክክ ይውላል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። ድሮ በእርዳታ ስንዴ ውስጥ ተደብቆ ገባ ይላሉ ሽማግሌዎች፤ እውነቱን አላውቅም። መኪና እንደሚወድ ግን አውቃለሁ። ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ይሄዳል፣ ሂሳብ አይከፍልም። በፊትም ነበረ፤ ግን በየክረምቱ ሰው ይነቅለው ነበር። ባለፈው ክረምት ነቃዩ ሁሉ ስደት ላይ ስለነበር ቅንጨው እንደ ልቡ አብቦ፣ እንደ ልቡ ዘሩን በትኖ ጠበቀን።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት አሉን፤ ባላቸው ከጦርነቱ በፊት የሞቱ። እትዬ እላቸዋለሁ። ከብቶቻቸው አልቀው አንዲት ላም ቀርታላቸዋለች። ማሳቸው ላይ ምሽግ ተቆፍሮበታል፤ አጠገቡ የተቃጠለ ታንክ ቆሟል። ስለዚህ ላሚቱ የምትግጠው የመንገዱን ዳር ነበር፣ ከድልድዩ እስከ ታንኩ ድረስ ያለውን። ወተቷን በየጠዋቱ ባለቤቴ ትወስዳለች። እትዬ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ወተቱን ቀመሰችና ፊቷ ተጨማደደ።

«እትዬ፣ ላሚቱ ኮሶ ጠጥታ ነው የመጣች?»

«ምን ላድርጋት? ሣሩን ቅንጨ ዋጠው። እየለቀመች ብትበላም አይቀርላትም።»

«ደንበኛው ስኳር ጨምሪ እያለ ጨረሰኝ። ስኳር ደግሞ ዛሬ የት ይገኛል?»

እትዬ ማሰሯቸውን አንስተው ዝም ብለው ወጡ። ሰው ሲጨቃጨቅ ተስፋ አለው፤ ዝም ብሎ ሲወጣ ግን ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው፤ ይህን ገበያ አስተምሮኛል።

ነገሩ ቅሬ ላይ ቀረበ። ቅሬ ማለት እኛ ዘንድ ክርስቲያን እስላም ሳይል አብሮ የሚቀብር የሰፈር ማኅበር ነው። የቅሬያችን ዳኛ የእስላም ሽማግሌ ናቸው፤ ወንዱም ሴቱም አባባ ይላቸዋል። ያን ዓመት ቅሬው ቀብሮ ቀብሮ ደክሞት ነበር። ዋርካው ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ድንኳን ተክሎ፣ ድንኳን ነቅሎ የመጣ ነው።

አንዱ ተነሥቶ፣ «ምን ያነጋግረናል? ነጋዴው መድኃኒት አለው፤ መንገዱን ሙሉ ይርጭልንና እንገላገል» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አባባም፣ «አንተ ምን ትላለህ? መርዙ ያንተ ነው» አሉኝ።

«ብሸጥማ ደስ ይለኛል፣ አባባ። ግን መንገዱን ሙሉ ከረጨነው ላሚቱ ምን ትግጣለች? ከብት ያለቀበት ገበሬ ከእኔ ገመድ አይገዛም። እኔ አንድ ጊዜ የሚገዛኝ ሰው አልፈልግም።»

«ወላሂ፣ ይኼ ሰው ለራሱ ሲያስብ እንኳ ለሰው ይተርፋል» አሉ፤ ሰው ሳቀ።

ከወረዳው ግብርና የመጣች ወጣት ባለሙያ ነበረች። እሷም በእጅ የሚነቀለው ሁሉ በእጅ ይነቀል አለች፤ ሣሩ ሲጠነክር ራሱ ቅንጨውን ያፍነዋል። መድኃኒት የሚረጨው እጅ የማይገባበት ቦታ ብቻ ነው፤ ታንኩ ዙሪያና አጠገቡ ያለው ያልተፈተሸ መሬት። እዚያ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ማንም እንዳይረግጥ፣ ከአስፋልቱ ላይ ሆኖ በረጅም ዘንግ ቅጠሉን ማራስ ነው። ድልድዩ ጋ በፍጹም አይረጭም፤ ውኃው ይጠጣልና።

አባባ ብድግ አሉ። «ሰው መቅበር ሰልችቶናል። እስቲ ደግሞ አረም እንቅበር» አሉና መንገዱን ለየቤቱ አከፋፈሉ። የቀረ ሰው ከቀብር እንደቀረ ይቆጠራል ተባለ። ከዚህ በላይ ቅጣት እኛ አገር የለም።

ጓንት የሚባል ነገር ስላልነበረ እጃችን ላይ ፌስታል አጥልቀን በገመድ አሰርን። ከሩቅ ያየን ሰው እጁ የተቆረጠ ሠራዊት ሳንመስለው አልቀረንም። ሲነቀል ዋለ። ችግሩ፣ ስብሰባው ሲራዘም፣ አንዱ ሲቀብር ሌላው ሲያለቅስ፣ ቅንጨው አብቦ አፍርቶ ነበር። ባለሙያዋ አቃጥሉት ወይ ቅበሩት ብላን ለስብሰባ ወልድያ ወጣች። እርጥብ ስለሆነ አልቃጠል አለ። ጉድጓድ ለመቆፈር ደግሞ የማን ወገብ?

እዚህ ላይ አንዱ ገበሬ ዘዴ አመጣ። እኛ አገር ማሽላውንም ማሾውንም አስፋልት ላይ እናሰጣዋለን፤ መኪና እየሄደበት ይወቃልናል፣ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃለን። አውድማ በሬ ይፈልጋል፤ አስፋልት የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሰውየውም፣ «አስፋልቱ ላይ እናንጥፈው፤ ከባድ መኪና ይደፍጥጠውና ዱቄት ይሁን» አለ። አባባ አጨበጨቡ፣ እኛም አጨበጨብን። ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ሲያልፉበት፣ አውቶቡሱ ወደ ደሴ ሲወርድበት ዋለ። ማታ ላይ ከቅንጨው ገለባ በቀር የቀረ አልነበረም። እትዬ እንኳ ያን ቀን ፈገግ ብለው ገቡ።

በማግሥቱ ባለሙያዋ መጣች። አስፋልቱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወቃችሁት?»

«ወቃነው!» አሉ አባባ ደረታቸውን ነፍተው።

«አባባ፣ ምን ወቅተው ያውቃሉ? ሲወቃ የሚወጣው ምንድን ነው?»

አባባ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በርጩማቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ዘር» አሉ።

ዘሩን ከገለባው ለይተን፣ ጎማ ላይ ጭነን፣ በነፃ ልከነዋል። ክረምቱ ሲገባ ከታች እስከ ውርጌሳ፣ ከላይ ወደ ወልድያ ግራና ቀኙ ቅንጨ ሆነ። ሹፌሮች ሱቄ በር ላይ ሲቆሙ፣ «እናንተ መርሳዎች፣ የዘር አከፋፋይነት ፈቃድ አወጣችሁ ወይ?» ይሉን ጀመር። እኔም፣ «አጓጓዦቹ እናንተ ናችሁ፤ ወንጀሉ የጋራ ነው» እላቸዋለሁ። ለሹፌር መልስ ይገኛል። የእትዬ ነገር ግን ሌላ ነበር። የላሚቱ መጋጫ ከበፊቱ ብሶ ቅንጨ ብቻ ሆኗል፤ ወተቱ ውሻም አይጠጣው።

እትዬ ሱቄ መጥተው ቆሙ። «ላሚቱን ሽጥልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ወተቷ የመረረ ላም ለሥጋ ነው የምትሄደው።»

«አውቃለሁ።»

«ትንሽ ይታገሡ እንጂ።»

«እስከ ኅዳር ሚካኤል እታገሣለሁ። ያን ቀን ባለቤትህ ወተቴን ከተቀበለች ተቀበለች። ካልሆነ ገመዷን አስይዝሃለሁ።»

በዚያ ክረምት ቅንጨው ሳያብብ ቅሬው ለነቀላ ወጣ። ከሁሉም ቀድመው የሚወጡት እትዬ ነበሩ፤ የድርሻቸውን ጨርሰው የሌላውን ይጀምራሉ። ለጉድጓዱ ደግሞ አንጎላችን ዘግይቶ ሠራ፤ ምሽግ እያለ ምን ጉድጓድ ያስቆፍራል? ፈንጂ እንደሌለበት የተፈተሸውን ምሽግ ባለሙያዋ አስጠይቃ አሳየችን። ቅንጨውን እዚያ እየሞላን አፈር መለስንበት። ወጣት ሲቆፍረው የከረመ ጉድጓድ በመጨረሻ ሰው ሳይሆን አረም ተቀበረበት፤ አባባ ጫፉ ላይ ቆመው ከልማድ የተነሣ ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ራሳቸውን ገትተው መለሱት።

መድኃኒቱን ታንኩ ጋ የረጨሁት እኔ ነኝ። ከአስፋልቱ ሳልወርድ ዘንጉን ዘርግቼ ጠብ ጠብ ሳደርግ አባባ ከኋላዬ፣ «እንደ ፀበል ትቆጥበዋለህ እንዴ?» አሉ። «አባባ፣ ፀበል ቢሆንማ እርስዎንም እረጭዎት ነበር» አልኳቸው። ከጀሪካኑ የጎደለው ለመናገር የሚበቃ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ሰርዶ ሣሩ ቅንጨው በተነቀለበት ብቅ አለ። መጀመሪያ እንደ ጢም፣ ከዚያ እንደ ምንጣፍ። ላሚቱ አንገቷን ሳታነሣ ስትግጥ እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩዋታል።

ከዚያ ጦርነቱ ተመለሰ። ከቆቦ በኩል መድፍ ተሰማ፤ ከዚያ ሰው መውረድ ጀመረ። እነሱም እኛ አምና እንዳደረግነው ፍራሽ ተሸክመው፣ ከብት እየነዱ ነው። ብዙዎቹ አልፈው ወደ ደሴ ሄዱ፤ የደከማቸው እኛ ጋ ቆሙ። ከብቱ የተለቀቀው ደግሞ ከድልድዩ እስከ ታንኩ ባለው ሰርዶ ላይ ነው፤ ሌላ ሣር የለማ። ሣሩ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልቆየም፤ መሬቱ ተላጨ።

አባባ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ልመልሳቸው?» አሉ እትዬን።

እትዬ ቆመው ያያሉ። «ይብሉ፣ አባባ። አምና እኔም ላሚቱን በሰው ደጅ ሣር ነው ያተረፍኳት። ሲከለክሉኝ ምን ብዬ እንደረገምኩ እኔ ነኝ የማውቅ።»

ሰው ሲያመሰግናቸው እኔ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ ቅንጨ እንደ ተላጨ መሬት የሚወደው ነገር የለም። ለሥጋ ከብት የሚገዛ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በዚያው ሰሞን አገኘሁትና ስለ ላም አነሳሁለት። ባለቤቴም ሰማች።

እንዳሰብኩትም ሆነ። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ያ የካሮት ቅጠል የሚመስለው ቅንጨ እዚህም እዚያም ተነሣ። ቅሬው ደግሞ በእንግዳ ማስተናገድ ተጠምዷል፤ ማን ይንቀል? አንድ ጠዋት ግን ሱቄን ስከፍት እንግዶቹ ተሰልፈው መጡ። መሪያቸው የራያ ሽማግሌ ነበሩ።

«ፌስታል አለህ ወይ፣ ልጄ?»

«ለምን ፈለጉት፣ አባቴ?»

«ለእጃችን። ሣራችሁን በልተናል፤ አረማችሁን ሳንነቅል ብንሄድ ነውር ነው።»

ያለኝን ፌስታል ሰጠኋቸው። ሴቱም ወንዱም ወርዶ ሲነቅል ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጎልማሳ ሸክሙን ታቅፎ ወደ አስፋልቱ ወጣና በእግሩ ማንጠፍ ጀመረ። እነሱም ለካ ማሽላቸውን እንደ እኛ ነው የሚወቁት!

እትዬ ከየት መጡ ሳልል ነጠላቸውን ጥለው ሲሮጡ አየሁ። «አስፋልት ላይ እንዳትጥል! ወዮልህ! ወደ ምሽግ! ሁሉም ወደ ምሽግ!» ሰውየው መድፍ የተተኮሰ መስሎት ከነሸክሙ ቦይ ውስጥ ገባ። መርሳ ያን ቀን ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ተኩሱ ቆመ ተባለ። እንግዶቹ እየቆሙ እየተሳሳሙ ወደ ሰሜን ወጡ። ሰርዶው እንደገና መጣ፤ ሳሳ ብሎ፣ እዚህ እዚያ ቅንጨ ጣልቃ እየገባበት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት እትዬ ማሰሯቸውን በአንድ እጅ፣ የላሚቱን ገመድ በሌላው ይዘው መጡ። ላሚቱን ከሱቄ በር አቆሟት። ወተቱን ለባለቤቴ ሰጡ። ባለቤቴ አፈላችው፣ በብርጭቆ ቀዳች፣ ስኳር ሳታደርግ ጠጣች። እኔ ወደ ገመዱ አላየሁም።

«ይመራል?» አሉ እትዬ።

«ትንሽ። መጨረሻ ላይ።» ብርጭቆውን አስቀመጠችና ቀሪውን ወተት ወደ ማንቆርቆሪያዋ ገለበጠችው። «ነገ ቀደም ብለው ያምጡት፤ አውቶቡሱ ሳይመጣ።»

እትዬ ላሚቱን አዙረው ወደ ድልድዩ ነዷት። ትንሽ እንደሄዱ ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር አንድ ቅንጨ ነቀሉ፤ አበባ ይዞ እንደሆነ አገላብጠው አዩት። ከዚያ በእጃቸው እንደያዙት ወደ ምሽጉ ታጠፉ፣ ላሚቱም ተከተለቻቸው። እኔም ለሥጋ ነጋዴው ላም የለም ብዬ ላክሁበት። ጀሪካኑ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።