ለወንድሜ ቦክስ ሽማግሌ ስንልክ

ወንድሜ ቦክሰኛ ነው። ይህን ለሰው ስናገር ዛሬም ድምፄ ዝቅ ይላል። አፍሬበት አይደለም፤ የራስን ሰው ማድነቅ ቤታችን ውስጥ አልተለመደም። እናታችን ከተወለድንበት ደጋ፣ ከሮብ ገበያ ስትደውል "ያ ቀበጥ እንዴት ነው?" ካለች፣ ከዚያ የበለጠ ፍቅር አትናገርም።

ግጥሚያ የሚያዘጋጀው የእንግሊዙ ሰውዬ ግን ይህን አያውቅም። ሥራው ከየአገሩ ቦክሰኛ እያመጣ ለአገሩ ተመልካች ማስተዋወቅ ነው። አሠልጣኛችን የላከለትን ቪዲዮ አይቶ ወንድሜን ወደደው፤ እዚያው እንግሊዝ ከራሱ ከተማ ልጅ ጋር ሊያጋጥመውም አሰበ። ነገር ግን ተመልካቹ የማያውቀውን ሰው ለማየት ትኬት አይገዛም። ስለዚህ እስከ አርብ ድረስ ወንድሜን የሚያስወድድ ነገር ካልላክን ቦታው ለሌላ ቦክሰኛ ይሰጣል። ወንድሜ ስድስት ዓመት የለፋው ለእንዲህ ያለ ዕድል ነበር። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያጠናሁት እኔ ስለሆንኩ መጻፉ እኔ ላይ ወደቀ።

በጥንቃቄ ጻፍኩ። ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ፣ ስንት ጊዜ እንደተሸነፈ፣ ግራ እጁ ከቀኙ ደከም እንደሚል። ሰውዬው ወዲያው መለሰልኝ፦ "የእሱ እህት ነሽ ወይስ የተጋጣሚው?"

ቀጥሎ ወንድሜ ራሱ ቀርቦ ተጋጣሚው ላይ እንዲዝት ጠየቀ። ወንድሜ ጓንቱን አጥልቆ ስልኬ ፊት ቆመና፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቦችህ ደህና ናቸው? በሰላም ያገናኘን" አለ።

"ዛትበት እንጂ!" አልኩት።

"የማላውቀውን ሰው? ምን አደረገኝ?"

ሰውዬው ይህንንም አልወደደውም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ይመስላል አለ።

ሐሙስ ጠዋት ደብረ ማርቆስ በተከራየነው ግቢ ልብስ ሳሰጣ አከራያችን አዩኝ። እኒህ አባት ለሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሚስት የጠየቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረብኝ?"

እያፈርኩ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን መሬት ላይ ቸክለው ሰሙኝ።

"እና ልጁ ስለ ራሱ ይናገር ነው የሚሉት? ሙሽራ ራሱን ሲያሞግስ የት ታይቷል? ሽማግሌ ይላክ እንጂ!"

"ማን ይላካል አባባ?"

"እኔ ምን ሆኜ!"

ገብተው ንጹሕ ጋቢ ደርበው ወጡ። ወንበር ባቀርብላቸው እምቢ አሉ፤ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥም። ረጅም ስለሆኑ ጭንቅላታቸው ከስልኩ እየወጣ ሲያስቸግረኝ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ገልብጬ ላዩ ላይ ቆምኩ።

"እንደምን አደራችሁ፣ የእንግሊዝ ሰዎች" ብለው ጀመሩ። "የመጣነው ዝምድና ፈልገን ነው። ልጃችን ጨዋ ነው። ሦስት ዓመት ግቢዬ ሲኖር ድምፁ ከፍ ሲል አልሰማሁም። ጎህ ሲቀድ ሮጦ ሲመለስ እንዳያስነሳን በሩን በቀስታ ነው የሚዘጋው። ጡጫውን ያየሁት ባሕር ዛፉ ላይ ባንጠለጠለው ጆንያ ነው፤ ጆንያውን ሦስት ጊዜ አሰፍተነዋል። የእናንተንም ልጅ እናት አሳድጋዋለችና ክፉ አንናገርበትም። ብቻ አገናኙን።"

ወንድሜ ከኋላዬ "አባባ፣ እንደማሸንፍም ይንገሩልኝ" ሲል ሹክ አለ።

"ዝም በል! ሙሽራ አይናገርም።"

ትርጉሙን ቪዲዮው ሥር ስጽፍ "ልጃችን ልጃችሁን ይዘርረዋል" የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ሰውዬው የሚፈልገው እንዲህ ያለውን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ መልሼ አየሁት። አባባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በትሕትና እየተናገሩ፣ ከሥራቸው የኔ ዛቻ ተጽፏል። አጠፋሁት። ያሉትን ብቻ ላክሁና ስልኬን ትራስ ሥር ደበቅሁ።

አርብ ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ሰውዬው ቪዲዮውን ገጹ ላይ ለጥፎት ኖሯል። አንዲት ሴት "ይህን በር በቀስታ የሚዘጋ ልጅ መጥቼ ሳላየው አልቀርም" ብላ ጽፋለች። ሌላው "ሽማግሌውስ አይመጡም?" ይላል። ለእኔ የደረሰኝ አጭር ነበር፦ ግጥሚያው ጸንቷል፤ ለቪዛ የሚሆነውን ደብዳቤ እልካለሁ።

ወንድሜ ልምምድ ላይ ስለነበር መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አባባ ነው። በረንዳቸው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ባለው ወንበር ትራስ ላይ ግን የተቀመጡበት ቦታ ገና ጎድጉዶ ይታይ ነበር። እንዳላየሁ ሆንኩ።

"እህሳ፣ ምን አሉ?"

"ሰጡን፣ አባባ።"

"እሰይ!" አሉና ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ በወግ በወጉ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ አገር ብርድ ነው ይላሉ። ልጁ ሹራብ አለው?"

"አባባ፣ እኛ እኮ የሮብ ገበያ ልጆች ነን፤ ብርድ አይፈራም።"

"ይሁን። ሁለት ይያዝ።"