የየኔነሽ ሉህና የድሬ ውሃ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር «የጨው ሴትዮዋ» ነው የሚሏት፤ ስሟ ግን የኔነሽ ካሣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የኮሌጅ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆና ስትሠራ ብልቃጥ ስትሰብር ያያት የለም። አባቷ ባቡር ጥገና ውስጥ ብሎን ሲያጠብቁ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ያንን የማይንቀጠቀጥ እጅ የወረሰችው ከእሳቸው ነው። በእጇ የመጣባትን ሰው ደግሞ አትምርም።

ጨው ያሰኛት ነገር እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዶክተር ኒቆዲሞስ የሚባል ወጣት አስተማሪ ከደብረ ብርሃን መጣና «ከጨው መብራት እናወጣለን» አለ። ሰው ሳቀ። የኔነሽም ስቃለች፣ ለምን እዋሻለሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ሲሞቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ የሚላቀቅ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለ። ልጣጩ ውሃ ውስጥ ተበትኖ፣ ማጣሪያ ላይ ንብብር በንብብር ሲተኛ ከወረቀት የሳሳ ሉህ ይወጣዋል። ሉሁ ሳጥን መሃል ይቆማል፤ በአንድ ወገን ከቀፊራ ገበያ የተገዛ የአፍዴራ ጨው የሟሟበት ውሃ፣ በሌላው ወገን ጨው የሌለው ጣፋጭ ውሃ ይሞላል። ጨው ወደሌለበት መሻገር ይፈልጋል፤ ሉሁ ግን በንብብሮቹ መሃል የሚያሳልፈው አንዱን ዓይነት የጨው ቅንጣት ብቻ ነው። ከዚያ መሻገር ኤሌክትሪክ ይገኛል። ሉሁን የምትሠራው የኔነሽ ናት፤ በዚህ ኮሌጅ ከእሷ በቀር ሳይቀደው ከማጣሪያው የሚያነሳው ሰው የለም።

ችግሩ፣ አይቆይም። ስድስቱ ሳጥኖች ተያይዘው መለኪያው መጀመሪያ ስድስት መቶ ሚሊቮልት ያሳያል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት መቶ ይገባል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።

አንድ ሰኞ ኒቆዲሞስ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እትዬ የኔነሽ፣ በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ቁጥሩ አንድ ሰዓት ካልቆመ ክፍሉ ይዘጋል። ምክንያቱን ደግሞ መጻፍ አለብኝ፤ ‹የሉህ አሠራር ጉድለት› ከማለት ሌላ የማውቀው የለም። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም።»

ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም፤ ይህ ልጅ «እርስዎ» ባላት ቁጥር የኔነሽን አሥር ዓመት ይጨምርባታል። የዛሬው ግን ከሁሉም ባሰ። «አንተ ልጅ» አለችው፣ «ጉድለቱ እጄ ላይ ከሆነ አሳየኝና ዝም እላለሁ። ሳታሳየኝ ግን አንድ ፊደል አትጽፍብኝም።»

አምስት ቀን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣችም። ወፈር ያለ ሉህ ሠራች፣ ሳሳ ያለ ሠራች፣ ቀስ ብላ አደረቀችው። ጨውን ሁለት ጊዜ አጠበችው። ቁጥሩ ወይ ፍንክች፤ በሃያ ደቂቃ ሦስት መቶ። «አቦ ምን አደረግኩህ?» አለችው ሉሁን፣ እንባዋ እየመጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ለፍታ በመጨረሻ ወረቀት ላይ እጀ ሰባራ ተብላ ልትቀር መሆኑ አንገበገባት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጋላ ሰፈር ወረደች፣ ኒምኮ ዘንድ። ኒምኮ ከጅጅጋ ገጠር ከመጣች ገና አምስት ወሯ ነው፤ በረንዳ ላይ የወተት ሻሂ ትሸጣለች። የኔነሽ ቁጭ ብላ ስታያት፣ ቧንቧው እግሯ ሥር ሆኖ ኒምኮ ከቢጫ ጀሪካን እየቀዳች ትጥዳለች።

«ቧንቧው አልመጣም እንዴ?»

«መጥቷል፣ አባዮ» አለች ኒምኮ፤ በሱማሌኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ያ ውሃ ድንጋይ ነው። ሻሂውን ያጠቁረዋል፣ ላዩ ላይ ቆዳ ያወጣል። ይሄ የበርካ ነው።» በርካ ማለት የገጠሩ ሰው ዝናብ የሚያጠራቅምበት ጉድጓድ ነው፤ ወንድሟ በጭነት መኪናው በየሳምንቱ ያመጣላታል።

«የድሬ ውሃ ጣፋጭ ነው እኮ» አለች የኔነሽ።

«ላንቺ ነዋ። ተወልደሽበታል።» ኒምኮ ከተከራየችው ቤት ያገኘችውን አሮጌ ማንቆርቆሪያ አንስታ ውስጡን አሳየቻት። ነጭ ኖራ ግድግዳ ሠርቶበታል።

የኔነሽ ቤትም ያው ኖራ አለ። ድሬ ውስጥ በየወሩ በማንኪያ የማይፈቀፍቅ ቤት የለም፤ አቧራ እንደመጥረግ ቆጥሮት ማንም ጉዳይ አይለውም። አሁን ግን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ማንቆርቆሪያ ላይ የሚለጠፍ ኖራ በንብብሮቹ መሃል ምን ያደርጋል? ገብቶ ይጣበቃል፣ መንገዱን ይዘጋል። ሉሁ ምንም አልጎደለውም። እጇም እንደዚያው። ደስታዋ ወንበሩ ላይ አላስቀምጥ አላት፤ አንድ ጀሪካን ለምና በባጃጅ ከዚራ ወዳለው ኮሌጅ ከነፈች።

አዲስ ሉህ አቆመች፣ የበርካውን ውሃ አጣርታ ሞላች። ሃያ ደቂቃ፤ ስድስት መቶ። አንድ ሰዓት፤ አምስት መቶ ዘጠና። ልትመዘግብ ደብተሩን ስትገልጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የገዛ ጽሕፈቷን አየች፦ «ጣፋጭ ውሃ፦ ከቧንቧ። በቅምሻ ተረጋግጧል። የኔነሽ ካሣ።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ሥራውን ሲጀምሩ የክፍሉ ውሃ ማጣሪያ ተበላሽቶ ነበር፤ ኒቆዲሞስ «ጣፋጭ ውሃ ከየት እናምጣ?» ሲላት ቀምሳ «ከዚህ የተሻለ የለም» ያለችው እሷ ናት። እሱም ሃይላንድ እንጂ ሌላ ውሃ የማይጠጣ ልጅ፣ ሳይለካ አመናት። ሁለት ዓመት እጇን ስታሳማ የኖረችው የገዛ ምላሷ ነበረች። የኔነሽ አፈረች፣ በጣም አፈረች።

ሰኞ ሁሉንም ነገረችው። ኒቆዲሞስ ገጹን አየና ዘጋው። «ይህን ማንም ማየት የለበትም። ሁለቱን ውሃ ለማነጻጸር አስበን ያደረግነው ነው እንላለን። እርስዎም ይድናሉ፣ እኔም እድናለሁ።»

«አንተ ራስህን አድን» አለች። «ነገ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ይህን አንብቦ በቧንቧ ውሃው ይሞክራል፣ ከዚያ የሠራተኛውን እጅ ይረግማል። እኔ አልዋሽም።»

ረቡዕ ሦስት ገምጋሚዎች መጡ፤ ሰብሳቢያቸው ስምረት የምትባል መነጽር ያደረገች ኮስታራ ሴት ናት። የኔነሽ ሁለት ረድፍ ሳጥን አቁማ ጠበቀቻቸው፤ ሉሁ አንድ ዓይነት፣ ጨዉ አንድ ዓይነት፣ አንዱ በቧንቧ፣ አንዱ በበርካ ውሃ። ሰዓቱ ሲሞላ የቧንቧው ሁለት መቶ አርባ፣ የበርካው አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት አሳየ። ገምጋሚዎቹ ተያዩ።

«ክፍሉ ይቀጥላል» አለች ስምረት፣ ቅጹን ከፍታ። «ግን ሁለት ዓመት የበላባችሁ ውሃው ነው ማለት ነው። ማን ነው የመረጠው?»

ኒቆዲሞስ አፉን ሊከፍት ሲል የኔነሽ ቀደመችው። «እኔ ነኝ። በምላሴ።»

ስምረት ብዕሯን ይዛ ቀና ብላ አየቻት። «እዚህ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ውሃውን ሳትለካ ጣፋጭ ነው ያለችው የኔነሽ ካሣ ናት ብለሽ ጻፊ» አለች። «ከዚያ በላይ ግን፣ መጀመሪያው መስመር ላይ፣ ሉሁ ደህና ነው በይ። የሠራችውም ያችው ናት።»

ስምረት እንደተባለችው ጻፈች፤ የኔነሽም ከሥሩ ስሟን ከነአባቷ አስገብታ ፈረመች።